የጓጉንቸሩ ዕዳ

ከብረት ቁም ሣጥኑ፣ ከፋይሎች ክምር፣
እጄ አንድ መዝገብ ጎትቶ ቢያወጣ፣
ጠርዙ የከሰሉን ጥላሸት የጠጣ፣
ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩኝ መቁጠር።
“ዐሥራ አንድ ሴቶች። ኳስ አንድ፣ የተጣፈ።
ጫማ ያላቸው አምስት።” በእርሳስ የተጻፈ።

የጻፈችው ኢርምጋርድ፣ የፋኖስ ቤት ሠራተኛ፣
ቀን ለጉድጓድ ወራጅ ብርሃን አዳይ፣ ማታ በረኛ፤
ከዱይስቡርግ ጥግ፣ ሰማይ በማይጠራበት፣
ነጭ አንሶላ ታጥቦ ነጭ ሆኖ በማይደርቅበት፣
የከሰል ዝቃጭ ተከምሮ ጋራ ባከለበት።

ቀጥሎ ደብዳቤ፣ በሙጫ የተለጠፈ፣
በሃምሳ አምስት ዓመት ከበላይ የተጻፈ፦
“የሴት ልጅ ሰውነት ለኳስ አይሆንም፣
ገላዋም ነፍሷም ይጎዳሉ፣ አይቀርም፤
ሜዳ የሰጣቸው ክለብ አባላችን አይደለም።”
ከሥሩ በእርሳስ፣ በዚያው በኢርምጋርድ እጅ፦
“ደርሶናል። ቴምብሩን የከፈሉት እነሱ ናቸው እንጂ
እኛ ወጪ የለብንም።”

ጠባቂው ቦጉስላቭ ጓጉንቸር ገዛና
በሩን ጠረቀመ፣ ትእዛዝ ነውና።
እሑድ ጧት ሮስቪታ፣ የሥጋ ሻጩ ልጅ፣
ከካፖርቷ ሥር መዶሻ ይዛ በእጅ
ስትመጣ አያት።
አላያትም።
ሰባት ነበሩ ርግቦቹ፤
መቶ እስኪሞሉ ቆጠራቸው፣
ብረቱ እስኪሰበር ድረስ ጀርባውን ሰጥቷቸው።
ሰኞ ከኪሱ አውጥቶ ሌላ ገዛ። መዝገቡ ላይ፦
“ለቦጉስላቭ፣ ስለ ጓጉንቸር፣
ሦስት ማርክ። ዕዳ። ገንዘብ ሲኖር።”

ከዚያ በኋላማ፣ ለዐሥራ አምስት ዓመት፣
ኳስ የሚባል ቃል ጠፋ፣ ብፈልግ ባገላብጥ፤
“እሑድ፣ የመዝሙር ጥናት” ይላል በየገጹ፣
“ሶፕራኖ አራት፣ አልቶ ሁለት፤ ዝናብ።”
“ሶፕራኖ አንድ፣ አልቶ አንድ፤
አውቶቡስ ተበላሸ፣ ተመለስን በባቡር።”
ሦስት ቀን ፈጀብኝ
መዝሙሩ ግብ መሆኑን ለመጠርጠር።

በሰባ ተፈቀደ። ግን ኳሷ አነስ ትበል፣
ሰዓቱም ይጠር፣ በክረምት አይቻል።
ሳቀች ሮስቪታ፦ “በረዶ ላይ ከሰል
ስንዝቅ የት ነበረ ይኼ ሁሉ ከልካይ?”

ከዚህ ወዲያ ጽሕፈቱ ይቸኩላል፣ እጅም ይለዋወጣል።
ማዕድኑ ተዘጋ፣ ማማው ተናደ፣
ከተመልካቹ እኩሌታው ሥራ ፍለጋ ሄደ፤
“አርባ ሰው፣ ስድስት ውሻ” ብሎ የቆጠረ አለ።
አንድ ዓመት አሸነፉ፤ ሽልማቱ ድስት፣
ድስቱም ክዳን የሌለበት።
ሁለቴ ወረዱ። አንዴ ከስረው መለያ ሸጡ፣
ቁጥር ዘጠኝን ግን ገዢ አጡ።

ከዞንጉልዳክ የመጣ ከሰል ቆፋሪ ልጅ፣
ኔስሊሃን፣ ሌሊት ዳቦ ፋብሪካ፣ ጧት ሜዳ ላይ፣
የመጀመሪያውን የሙያ ውል የፈረመች እሷ፣
ብዕሩን አንሥታ ጠየቀች፦ “ጉልበቴ ቢሰበርሳ?”
“ደሞዝሽ አይቆምም” አሏት።
“እስቲ ድገሙልኝ” አለች፣
ደገሙላት።

ዛሬ በየወሩ ሃያ ሦስት ደሞዝ እከፍላለሁ።
ኦዲተሩ መጣ፣ ገለጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፦
“ማርክ የሚባል ገንዘብ ካለቀ ቆይቷል፣
ባለ ገንዘቡም ሞቷል፣
ሰርዢው።”

ኢርምጋርድ ዘንድ ሄድኩ። ዘጠና አራት ዓመቷ፣
የስታዲየሙ መብራት ይገባል በመስኮቷ።
መዝገቡን በጣቷ ዳሰሰች፣
ሳታነብ እዚያው ገጽ ላይ ቆመች፤
“አትንኪው። እንዲሁ ይቀመጥ” አለች።
ከዚያ ዝም።
ነርሷ ትራሷን አስተካክላ ወጣች።
“ትናንት ስንት ለስንት?”
“ሦስት ለአንድ፣ ተሸነፍን” አልኳት፣
የሳትኩት እኔ ይመስል አንገቴን ደፍቼ።
ጥቂት አሰበችና፣
“ምነው?” አለች፣ “ሶፕራኖዋን
ጉንፋን ያዛት እንዴ?”